የድሮ ፉቲ ተጫዋች ታሪክ እንዴት ይፈለጋል?

የአውስትራሊያ ፉቲ (በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የራሳቸው ኳስ ጨዋታ) ድሮ ላይ ማን ምን እንደሰራ ማወቅ ከፈለጋችሁ የሊጉ ዝርዝር ላይ እንዳታቆሙ በጣም አደራ! ሊጉ፣ ማለትም ቪኤፍኤል (የቪክቶሪያ ግዛት ፉትቦል ሊግ፣ የአሁኑ ኤኤፍኤል)፣ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1897 ነው፣ ከዛ በፊት ግን ከ1877 ጀምሮ ቪኤፍኤ የሚባል ማህበር ነበር፣ የሱ ዘመን ጎል ሊጉ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

የድሮውን ተጫዋች አልበርት ተርጉድን እንይ። ሊጉን ብቻ ያየ ሰው ለሜልበርኑ ክለብ ኤሰንደን ከ1899 እስከ 1902፣ ከዛ 1906 ላይ ትንሽ ብቅ ብሎ የጠፋ ተጫዋች ይመስለዋል። ሰውየው እኮ 1893 ላይ ኤሰንደን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ አንደኛ ሲወጣ 64 ጎል ያገባ ነው! ሜልበርን ፉትስክሬ ሰፈር የምትኖሩ ሐበሾችም የሰፈራችሁ ክለብ ሊጉን የገባው 1925 ስለሆነ ከዛ በፊት ያለውን ቪኤፍኤ ጋር ነው የምትፈልጉት።

የት ይገኛል ካላችሁ ትሮቭ ላይ፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረገጽ ነው፣ በነፃ። ጋዜጦቹ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ስም ብቻ ስለሚጽፉ ሙሉ ስም አታስገቡ፣ ስሙንና ክለቡን አብራችሁ ጻፉና ዓመቱን አጥብቡ። ጨዋታው ቅዳሜ ከነበረ የሰኞውን ኤጅ ወይም አርገስ (የሜልበርን ጋዜጦች ናቸው) ክፈቱ፣ እሁድ አይወጡም ነበር። ምንም ካልመጣ ስሙን አበላሽታችሁ ሞክሩ፣ ስካኑን የሚያነበው ማሽን የደበዘዘ ህትመት ላይ ኤችን ቢ ያደርገዋል፣ ስታገኙት ደግሞ እዛው አርሙት ለቀጣዩ ሰው ይጠቅማል።

ውጤት ስታነቡም ተጠንቀቁ። ከ1897 በፊት ቢሃይንድ (ኳሱ ከጎሉ ምሰሶዎች ጎን ሲያልፍ የሚቆጠረው) ይመዘገባል እንጂ ነጥብ የለውም፣ ስለዚህ 4 ጎል 2 ቢሃይንድ ያለው 3 ጎል 12 ቢሃይንድ ያለውን አሸንፏል ማለት ነው፣ በዛሬው ስሌት (ጎል 6 ነጥብ፣ ቢሃይንድ 1 ነጥብ) ካያችሁት ግን ተሸናፊ ይሆንባችኋል።

መሃል ላይ ክፍት ዓመት ካያችሁ ተጎድቶ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ተርጉድ ከ1895 እስከ 1897 ምዕራብ አውስትራሊያ ፍሪማንትል ነበር፣ ስለዚህ የፐርዝን ጋዜጦች ማየት አለባችሁ፣ 1898 ደግሞ ተመልሶ ለኤሰንደን ለመጫወት ፈቃድ ስለተከለከለ ቁጭ ብሎ ነው ያሳለፈው።

በመጨረሻ ሲሞት የተጻፈለትን ፈልጉ፣ ተርጉድ 1927 ላይ በመኪና አደጋ ነው ያረፈው። እንደዚህ አይነት ጽሑፍ የክለቦቹን ስም በአንዴ ይሰጣችኋል፣ ዓመቶቹን ግን ከትዝታ የተጻፉ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከጨዋታው ሳምንት ጋዜጣ ጋር አስተያዩአቸው።