ስለ ግዙፍ ሮኬት ስትከራከሩ መጀመሪያ ጭነቱን ጠይቁ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪና ፈልጎ የመጣ ሰው «ስንት ታስከፍላለህ?» ሲለው የአባቴ መልስ ሁልጊዜ ጥያቄ ነበር፦ «ምን ትጭናለህ? ወዴት ነው?» ዛሬ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ዓርብ ከሰዓት የተማሪዎች የክርክር ክበብ እመራለሁ። «ግዙፍ ሮኬት መንግሥት ያሠራ ወይስ ከግል ኩባንያ ይከራይ?» የሚለው ርዕስ በመጣ ቁጥር ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳው አናት ላይ «ምን? ወዴት?» ብዬ እጽፋለሁ። ያ ሳይመለስ የሮኬት ስም ለሚጠራ ተማሪ ነጥብ አልሰጥም።

ቀጥሎ ቃሉን አጥሩት። የአሜሪካን የጠፈር ድርጅት የናሳን ግዙፍ ሮኬት ኤስኤልኤስን «መንግሥት የሠራው» ስንል፣ ዋናውን አካል ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የገጣጠመው ቦይንግ ነው፤ የጎን ሮኬቶቹ ደግሞ ከዩታ፣ ከኖርዝሮፕ ግሩማን ይመጣሉ። «የግል» የምንለው የስፔስኤክስ ኩባንያ ሮኬት ፋልከን ሄቪም የተነሣው አፖሎ 11 ከተነሣበት የናሳ ማስወንጨፊያ ነው። ልዩነቱ ያለው ውሉ ላይ ነው። ቤት ያሠራ ሰው ይህን ያውቃል፦ በቁርጥ ከተዋዋላችሁ ሲሚንቶ ቢወደድ ጣጣው የተቋራጩ ነው፤ «ወጪህን ከፍዬ ትርፍህን እጨምርልሃለሁ» ካላችሁ ግን ሥራው በቆየ ቁጥር ኪሳችሁ ይራቆታል። ኤስኤልኤስ በሁለተኛው መንገድ ተሠራ፤ ፋልከን ሄቪን ናሳ የሚከራየው በቁርጥ ነው። ቁርጥም ቢሆን ሥራው ያምራል ማለት አይደለም። ቦይንግ በ2014 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጠፈርተኞችን ለማመላለስ 4.2 ቢሊዮን ዶላር በቁርጥ ተዋውሎ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ከስሮበታል፤ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ተረፈ፣ መንኮራኩሯ ግን ዘገየች።

ዋጋ ላይ ተጠንቀቁ፤ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ነው። በመጋቢት 2022 የናሳ ዋና ኢንስፔክተር የነበሩት ፖል ማርቲን ሰውን ወደ ጨረቃ የሚመልሰው የአርጤምስ መርሐ ግብር አንድ በረራ 4.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ለአሜሪካ ምክር ቤት ለኮንግረስ ተናግረዋል። አንድ ተማሪዬ ይህን ከፋልከን ሄቪ 97 ሚሊዮን ጎን ጽፎ እጁን አራገፈ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ «ቲቸር፣ አራቱ ቢሊዮን ውስጥ ሰው የሚሳፈርባት ኦርዮንም አለች» አለች። ልክ ነበረች፤ ሮኬቱ ብቻውን 2.2 ቢሊዮን ነው። የወዲያኛውም ቁጥር እንደዚሁ ይታረማል። 97 ሚሊዮኑ የጎን ሮኬቶቹ ተመልሰው ሲያርፉ ነው፤ ሁሉንም ጥሎ 64 ቶን ገደማ ወደ ዝቅተኛው የምድር ምሕዋር ሲያወጣ የስፔስኤክስ መሪ ኢሎን መስክ በ2018 የጠራው ዋጋ 150 ሚሊዮን ነበር። ርካሹን ዋጋና ትልቁን ጭነት አንድ ላይ የሚጠራ ተከራካሪ ካጋጠማችሁ እዚያው ያዙት። እርማቱ ሁሉ ተደርጎም ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ግን በትክክለኛው ቁጥር ማሸነፍ ሌላ ክብር አለው።

መዘግየትን ለአንድ ወገን ብቻ አታሸክሙ። የ2010ሩ የአሜሪካ ሕግ ኤስኤልኤስ በ2016 መጨረሻ እንዲደርስ አዝዞ ነበር፤ የበረረው ኅዳር 2022 ነው። ፋልከን ሄቪም በ2011 ሲታወጅ ለ2013 ተብሎ በየካቲት 2018 ነው የተነሣው። ይህን ነጥብ ሁለት ደቂቃ ስጡትና እለፉ።

ጊዜያችሁን ለዩሮፓ ክሊፐር አስቀምጡ። ነዳጇን ጨምሮ 6 ቶን ገደማ የምትመዝን፣ የጁፒተርን ጨረቃ ዩሮፓን የምታጠና መንኮራኩር ናት። ኮንግረስ በኤስኤልኤስ እንድትሄድ በሕግ አስገድዶ ነበር። ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ተወርውራ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ትደርስ ነበር። ነገር ግን የሮኬቱ መንቀጥቀጥ ለመንኮራኩሯ አሳሳቢ ሆነ፤ ኤስኤልኤስም ለአርጤምስ ተፈለገ። በ2021 ናሳ የማስወንጨፉን ሥራ ለፋልከን ሄቪ በ178 ሚሊዮን ዶላር ሰጠው። ጥቅምት 14 ቀን 2024 ተነሣች፤ በማርስና በምድር አጠገብ እያለፈች በስበታቸው ፍጥነት እየጨመረች በሚያዝያ 2030 ትደርሳለች። ሁለቱም ወገን በዚህ አንድ ታሪክ ይከራከር። የመንግሥቱ ጠበቃ ከሁለት ዓመት በላይ የባከነ ጊዜን፣ የመንኮራኩሯን እርጅና፣ በመንገድ ላይ የሚከፈል የባለሙያ ደመወዝን ያንሣ። የንግዱ ጠበቃ የተረፈው ገንዘብ ስንት ሌላ መንኮራኩር እንደሚሠራ ያስላ። እኔ ሰው ላልተሳፈረበት ጭነት የንግዱን ሮኬት እመርጣለሁ፤ ሳይንቲስቶቹ የሚጠብቁት ተጨማሪ ጊዜ ግን ያሳዝነኛል፤ ዕድሜ አይመለስምና።

ሰው ከተሳፈረ ሚዛኑ ይለወጣል። ኤስኤልኤስ በመጀመሪያ በረራው ሰው አልባዋን ኦርዮንን ጨረቃን አዙሮ የሚመልስ መንገድ አስያዛት። የስፔስኤክስ ሌላው ግዙፍ ሮኬት ስታርሺፕ ሚያዝያ 2023 በመጀመሪያ ሙከራው አራት ደቂቃ ያህል በርሮ ፈነዳ፤ በጥቅምት 2024 ግን ተመላሹ የታችኛው ክፍል በማስወንጨፊያው ማማ ክንዶች ተቀለበ። አንዱ ሳይሳሳት ለመነሣት ይደክማል፣ ሌላው እየሰበረ ይማራል። ተማሪዎቻችሁን «እናንተ በየትኛው ትሳፈራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸውና ዝም በሉ፤ ያ ዝምታ ጥሩ ሐሳብ ያመጣል።

ከዕረፍት በኋላ ወገን አቀያይሩ። ባለፈው ዓርብ ለኤስኤልኤስ ሲሟገት የነበረው ልጅ ተራው ሲደርስ ምንም ሳይናገር ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ «ምን? ወዴት?» ከሚለው ሥር «6 ቶን፣ ወደ ጁፒተር» ብሎ ጻፈና ጠመኔውን ለተቃራኒው ወገን አቀበለ።