ለባሕር ዳር ሙቀት የምትሆን ምሳ

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ቢሮ መዋል ፈተና ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነማ ከሰዓት በኋላ አለቀላችሁ። ከባዱን ሥራ ጠዋት ገላግሉት። መስኮቱንም በማለዳ ክፈቱ፤ ፀሐይ ስትዞርበት መጋረጃውን ሳቡ። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ።

ምሳ ላይ ቅባት የበዛበት ወጥ ይቅርባችሁ፤ ትርፉ እንቅልፍ ነው። በእኔ ቤት የሱፍ ፍትፍትን የሚያህል የለም፤ ለጾምም ይሆናል። ሱፉን ቀቅላችሁ ውቀጡት፣ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡና አጥልሉት። ቃሪያና ሽንኩርት ክተፉበት፣ ጨው ጣል አድርጉ። ፍሪጅ ካለ ማታ ይሠራል፤ ከሌለ ጠዋት ይሻላል፣ እንዳይበላሽ። እንጀራውን ለብቻው ያዙ። ቀድማችሁ ከፈተፈታችሁት ይላሽቃል፤ ልትበሉ ስትሉ ብቻ ፈትፍቱት። ደግሞ ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ፤ ቢሮ ውስጥ መጎራረስ አይቀርም።