በአዲስ አበባ ዙሪያ የእግር ጉዞ፦ የቅዳሜ ተጓዦች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮችና ደኖች ሰው እየመራሁ መመላለስ ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በእንጦጦ፣ በመናገሻ ሱባ፣ በወጨጫ፣ በየረር፣ በዝቋላና በወንጪ ብዙ ቅዳሜዎችን አሳልፌአለሁ። ጀማሪ ተጓዥ እወዳለሁ። ከመኪና ወርዶ የጽድ ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያውደው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ይጀምራል፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ያንኑ ሰው ማታ «ሁለተኛ አልመጣም» የሚያሰኙት ስህተቶች ግን ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ በየሳምንቱም ይደገማሉ።

አርፍዶ መነሣት

ቀጠሮው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግማሹ ሰው ደርሷል። 1 ሰዓት ላይ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል ስልክ ይመጣል፤ ደዋዩ ገና ከቤቱ አልወጣም። ሰው ተሟልቶ ኮስተሩ ሲነሣ 2 ሰዓት አልፏል። ከከተማው መውጫ ላይ ደግሞ «ቁርስ እንቅመስ» የሚል አይጠፋም፤ ፍርፍሩ እስኪቀርብ፣ ቡናው እስኪፈላ ሌላ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ተራራው ሥር ሲደረስ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ሁሉም ደስተኛ ነው፤ ማንም የጠፋ ነገር ያለ አይመስለውም።

የጠፋው የቀኑ ምርጥ ክፍል ነው። በእኛ አገር ፀሐይ በየትኛውም ወር ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። በአውሮፓ በጋ እንደሚሆነው ረጅም ምሽት የለንም። በደን ውስጥማ ጨለማው ከሜዳው ቀድሞ ይመጣል። ሠርግ ላይ የዘገየ ሰው ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል፤ ለቅሶ ላይም የዘገየ ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይገባል። የተራራ መዘግየት ግን ዋጋው ማታ ይጠየቃል፤ የሚከፍሉትም በሰዓቱ የመጡት ሰዎች ጭምር ናቸው። በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር አሥራ ዘጠኝ ሆነን 3,385 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ወጨጫ ጫፍ ወጣን። መራመድ የጀመርነው 5 ሰዓት ላይ ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፎቶ ተነሣን፣ ተበላ፣ ተተኛ። ስንወርድ የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን ጽዱ ውስጥ እንደገባን ጨለመብን። ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ሁለት የእጅ ባትሪ ነበረን፤ የብዙው ሰው ስልክ በፎቶ ብዛት ኃይሉ አልቋል። አንድ ወጣት ሥር አደናቅፎት ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ በየተራ እየደገፍነው ወረድን። ጅብ ከሩቅ ሲጮህ ሁለት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። መኪናው ጋ የደረስነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሁሉም በደኅና ገባ፤ የቁርጭምጭሚቱም እብጠት በሦስት ሳምንት ለቀቀ። ነገር ግን በዚያ ምሽት ከደረሰብን አንድም ተራራው ያመጣው አልነበረም። ሁሉም የተጀመረው ጠዋት፣ መስቀል አደባባይ ቆመን ሰው ስንጠብቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓቶችን አስቀድሜ እናገራለሁ። አንደኛው የመነሻ ሰዓት ነው፤ ከ15 ደቂቃ በላይ አንጠብቅም። ታናሽ ወንድሜን ሳይቀር ትቼ ሄጃለሁ። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ፤ አሁን ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው የመመለሻ ሰዓት ነው፤ ይህን ብዙ አስተባባሪዎች ጨርሶ አያስቡትም። 7 ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት ፊታችንን እናዞራለን፤ ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀረውም፣ ሰው ቢለምነኝም።

ቁልቁለትን እንደ ዕረፍት መቁጠር

ተራራ ሲወጡ ድካሙ መጀመሪያ ላይ ስለሚመጣ የማይችል ሰው ቶሎ ራሱን ያውቃል። ወንጪና የጀማ ሸለቆ ግን ተቃራኒ ናቸው። መኪናው አፋፉ ላይ ያወርድዎታል፤ ሐይቁ ከታች ያብለጨልጫል፤ እግር በራሱ ይንደረደራል። የዕለቱ ከባድ ሥራ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ውሃው ሲያልቅና ፀሐይ ጀርባ ላይ ስታርፍ ነው።

ወንጪ ላይ በየሳምንቱ ጂምናዚየም የሚሠራ አንድ ጠንካራ ወጣት አብሮን ነበር። ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ፤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ቀስ ብለን በመምጣታችን ሳቀብን። ስንመለስ አጋማሹ ላይ ጭኑ ተንቀጠቀጠና ቆመ፤ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። የአካባቢው ልጆች ፈረስ አምጥተው አወጡት። ሩጫው የጎዳው ሳንባውን አይደለም፤ በቁልቁለት ሰውነትን እየገቱ መውረድ የጭንን ጡንቻ ከዳገት ይበልጥ ያደቃል፤ ጉልበትንም ይቀጠቅጣል። በአጭር እርምጃ ይውረዱ፣ ምርኩዝ ይያዙ፣ የባሕር ዛፍ ዱላም ይበቃል። ከያዙት ውሃ ከግማሽ በላዩ ለመውጫው ይቆይ። ወንጪ ላይ ለፈረስ የሚሆን ገንዘብ ለይተው ይያዙ፤ በፈረስ መውጣት ነውር የለበትም፤ ገንዘቡም ለአካባቢው ሰው እንጀራ ነው።

ጫማ

አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራ ላይ አይፈተንም፤ ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። የማይታወቀው ብዙ ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ አደጋ ነው። ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ሶሉና ማጣበቂያው ግን በዕድሜ ደርቋል ወይም ፈርሷል። ከሳልባጅ የተገዛ የታዋቂ ፋብሪካ የተራራ ጫማ የረር ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ሶሉ ሲነቀል አይቻለሁ፤ ባለቤቱ በገመድ አስሮ ወረደ። ስለዚህ ሶሉን በእጅዎ አጥፈው ይሞክሩት፤ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ሰፈር ውስጥ ይመላለሱበት። የእግር ጥፍርዎንም ከዋዜማው ይቁረጡ፤ በቁልቁለት ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ውሎ ጥፍሩ የሚጠቁረው ረዝሞ ሲገኝ ነው።

ቁምጣ ለብሶ ወደ ሱባ የሚገባ ሰው ሳማን ያገኘዋል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የጠዋቱን ሰማይ ማመን

በክረምት ጠዋቱ ብራ ሆኖ ከ7 ሰዓት በኋላ ሰማዩ መጥቆር የተለመደ ነው። በበልግም ያጋጥማል። አርፍዶ መነሣትን አጥብቄ የምጠላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ያረፈደ ሰው ጫፉ ላይ የሚደርሰው ልክ ነጎድጓዱ ሲጀምር ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ከገመገሙ ላይ ወዲያው ይውረዱ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ። እረኞቹ ከብታቸውን ሲያሰባስቡ ካዩ ሰዓትዎን አይመልከቱ፤ ተከትለዋቸው ይውረዱ።

ከዝናቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ወንዙ ነው። ጠዋት በድንጋይ ላይ ዘለው የተሻገሩት ምንጭ ከሰዓት ደራሽ ሆኖ ሊጠብቅዎ ይችላል፤ እርስዎ ላይ ጠብ ባይልም፣ ከላይ ከዘነበ በቂ ነው። ደራሽ ከጉልበት በላይ ከሆነ አይሻገሩት። ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ካቆመ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጎድላል፤ ቁጭ ብለው ይጠብቁ። በቾ ሜዳ ላይና በቢሾፍቱ ዙሪያ ደግሞ መረሬ አፈር አለ፤ ከረጠበ ጫማ ላይ እየተደራረበ እያንዳንዱን እግር የድንጋይ ያህል ያከብደዋል። በክረምት የተለመደው ሰዓት እጥፍ ይሆናል ብለው ይነሡ።

ለጀማሪ የምመርጠው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ነው፤ ምድሩ አረንጓዴ ነው፤ መጀመሪያው ላይ አደይ አበባ አለ፤ መንገዱም እየጠነከረ ይሄዳል።

እንግዳን በማግስቱ ወደ ተራራ ማውጣት

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ሁላችንም እንጦጦን ልናሳየው እንቸኩላለን። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ መጥታ በማግስቱ ወደ እንጦጦ ወሰድናት። ከባሕር ጠለል የመጣች ናት፤ እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። መንገዱ ደልዳላ ስለሆነ ማናችንም አላሰብንበትም። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ራሷን ያዘች፤ አስመለሳት። እኛ «ጾም ስለዋለች ነው፣ ስላልለመደች ነው» እያልን እንድትቀጥል ገፋፋናት፤ ይህንን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ይከፋኛል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከባሕር ዳርቻ አገር ለመጣ፣ ከአፋርም ሆነ ከድሬዳዋ ለመጣ ሰው ከተማዋ ብቻዋን ለሁለት ሦስት ቀን ትበቃዋለች። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ነው፤ ማበረታታት አይደለም።

ውሃና ስንቅ

ለአንድ ቀን ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር፣ በበጋ ሦስት። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከየትኛውም ብስኩት ይሻላሉ። ጾም የያዘ ሰው ለአስተባባሪው ይንገር፤ ደብቆ ወድቆ የሚያስደነግጠን ሰው አይጠፋም።

የሰው አገር ላይ እንዳሉ መርሳት

የምንሄድባቸው መንገዶች ለእኛ የተሠሩ አይደሉም። ሰው ማሳው የሚደርስባቸው፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱባቸው፣ እናቶች እንጨት የሚሸከሙባቸው ናቸው። በጠባቡ የእንጦጦ ቁልቁለት ላይ የእንጨት ሸክም የያዘች እናት ስትመጣ ዳር ይዘው ያሳልፏት፤ ሸክሟን ማስቆም ምን ያህል እንደሚያስከፍላት የተሸከመ ያውቀዋል። ማሳ መሐል ፎቶ ለመነሣት ገብቶ ስንዴ የሚረግጥን ሰው አብሬ መውሰድ አልፈልግም። የማሳው ወሰን መረማመጃ አለው።

ሱባ፣ የረርና ወንጪ ኦሮምኛ የሚነገርባቸው ናቸው። «አካም ጅርቱ» ማለት ይልመዱ፤ የሰላምታ ሰው ይከበራል፤ መንገድም ይመራል። ውሻ ሲመጣብዎ አይሩጡ፤ ቆመው ድምፅዎን ለባለቤቱ ያሰሙ፤ ጎንበስ ብለው ድንጋይ የሚያነሡ ይምሰሉ። ከነከሰዎት ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበው በዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ይድረሱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።

ዝቋላ ላይ ያየሁት ደግሞ አሳፍሮኛል። ተራራው 2,989 ሜትር ይደርሳል፤ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። ሐይቁ ለምእመናን የተቀደሰ ነው። ሁለት ወጣቶች ልብሳቸውን አውልቀው ሊዋኙ ሲሉ አንድ አባት በትሕትና ሲለምኗቸው ደረስሁ። እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ጥያቄ ይቅደም፤ ፎቶም ቢሆን፣ ሴቶች የሚገቡበትና የማይገቡበት ስፍራም ቢሆን።

የአካባቢው ሁኔታ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ለአካባቢው ሰው ደውለው ያጣሩ። ያለፈው ዓመት ጉዞ ማረጋገጫ አይሆንም።

የውሃ ፕላስቲክዎን ይዘው ይመለሱ። ጭላዳና ጦጣ አይመግቡ፤ የለመደ ጦጣ በኋላ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል። በበጋ ደን ውስጥ እሳት አያንድዱ፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ አንዴ ከያዘ አይመለስም።

መበታተን

ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው። በመናገሻ ሱባ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ዘሩን አስመጥተው አስተከሉት በሚባለው ጽድ ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ሰው እየመራሁ ከፊት ነበርሁ። ጉሬዛ ስላየን ፈጣኖቹ ተከትለውኝ ወደ ፊት ሄድን። ጉም ወረደ። ለምሳ ስንቀመጥ ሃያ አንድ ነን። የቀረችው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች አስተማሪ ነበረች፤ የጫማዋን ክር ለማሰር ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ማንንም አላየችም፤ መገንጠያው ላይ ወደ ግራ መሄድ ሲገባት ወደ ቀኝ ሄዳለች። ስልክ አይሠራም። ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ስሟን እየጠራን ዞርን። ያገኛት የደኑ ጠባቂ ነው፤ ጠፋሁ ስትል አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ሳትንቀሳቀስ ስለቆየች ድምፅዋን ሰምቶ ደረሰላት። ትክክለኛውን ነገር ያደረገችው እርሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

አሁን መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ከፊት አደርጋለሁ፤ እኔ ከመጨረሻው ሰው ኋላ እሄዳለሁ። እያንዳንዱ ተጓዥ ከኋላው ያለውን ሰው ፊት ያውቃል፤ ካላየው ይቆማል። ቁጥሩንም ኮስተሩ ሊነሣ ሲል አንቆጥርም፤ በየመገንጠያው ቆመን እንቆጥራለን።