ኒውሮሳይንስን ሳይቸክሉ ማጥናት

ኒውሮሳይንስ (የአንጎልና የነርቮች ጥናት) ኮርስ ላይ የሚገናኙ ተማሪዎች አመጣጣቸው ይለያያል። ከሳይኮሎጂ የመጣ አለ፣ ከባዮሎጂ የመጣ አለ፣ የሕክምና ተማሪም አለ፤ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለው ደግሞ ዲግሪውን ራሱን በኒውሮሳይንስ ሊይዝ ይችላል። የሚያስቸግረው ቦታ ግን ለአብዛኛው ተማሪ አንድ ነው፦ ነርቭ ሴል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው እንዴት ነው የሚለው ምዕራፍ። ብዙዎች እሱን ስላይድ ቸክለው ሚድ ያልፉበታል፤ ሲናፕስ (የነርቭ ሴሎች መገናኛ) እና መድኃኒቶች ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ነገር ይደበላለቅባቸዋል። እኔም እዚህ የማደላው ወደዚያው ምዕራፍ ነው።

1. መሠረቱን ፈትሹ። አዮን ምን እንደሆነና ሎጋሪዝም እንዴት እንደሚሠራ ከዘነጋችሁ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍታችሁን አንድ ቅዳሜና እሁድ ገልጣችሁ ከልሱ። ከዚያ በላይ ሒሳብ ለመነሻ አያስፈልግም።

2. አንድ ነርቭ ሴል በእጃችሁ ሳሉ። ዴንድራይት (ምልክት ተቀባዮቹ ቅርንጫፎች)፣ የሴሉ አካል፣ አክሰን (ምልክት አስተላላፊው ረጅም ክር)፣ የአክሰኑ ጫፍ። ሳታዩ መሳል እስክትችሉ ደጋግሙት።

3. ኤሌክትሪኩን በወረቀትና በካልኩሌተር አስሉት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የሴሉን ሽፋን መስመር አድርጋችሁ ሳሉና በግራና በቀኝ ቁጥሮቹን ጻፉ፦ ፖታሲየም ውስጥ 140፣ ውጪ 5 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ)፤ ሶዲየም ውስጥ 15፣ ውጪ 145 ሚሊሞላር። መጽሐፋችሁ ትንሽ የተለየ ቁጥር ቢሰጥ ችግር የለውም፤ ዋናው ፖታሲየም ውስጥ፣ ሶዲየም ውጪ መብዛቱ ነው።

አሁን ሽፋኑ ፖታሲየምን ብቻ ያሳልፋል እንበል። ፖታሲየም ከበዛበት ወዳነሰበት፣ ማለትም ወደ ውጪ ይወጣል። ሲወጣ ግን ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ውስጡ ኔጌቲቭ እየሆነ ይመጣና የወጣውን መልሶ መሳብ ይጀምራል። ገፊውና ሳቢው እኩል የሚሆኑበት ቮልቴጅ የኔርንስት ቮልቴጅ ይባላል። በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አሠራሩ ቀላል ነው፦ የውጪውን ለውስጡ አካፍሉ፣ የውጤቱን ሎግ ውሰዱ፣ በ61.5 አባዙ። ለፖታሲየም ወደ −89 ሚሊቮልት፣ ለሶዲየም ወደ +61 ሚሊቮልት ታገኛላችሁ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በራሳችሁ ስሌት ካገኛችሁ በኋላ የአክሽን ፖቴንሻሉ፣ ማለትም ነርቭ ሴሉ ምልክት ሲልክ የሚታየው የቮልቴጅ ለውጥ፣ ግራፍ ራሱን ያብራራል። ሴሉ ሲያርፍ በብዛት ክፍት የሆነው የፖታሲየም መንገድ ስለሆነ ቮልቴጁ ወደ −89 ተጠግቶ −70 አካባቢ ይቆያል። የሶዲየም ቻናሎች (ሽፋኑ ላይ ያሉ የአዮን በሮች) ሲከፈቱ ወደ +61 ይሮጣል፤ ሳይደርስ ግን ቻናሎቹ ይዘጋሉ፣ የፖታሲየሙ በሰፊው ይከፈታል፣ ቮልቴጁም ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ወይም በሁለት ሚሊሰከንድ ነው። ግራፉን ስትስሉ −89ንና +61ን በነጠብጣብ መስመር አስምሩባቸው። መስመሮቹን ሳያሰምር ግራፉን የሚሸመድድ ተማሪ ጥያቄው ትንሽ ሲቀየርበት መግቢያው ይጠፋዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅ። ሦስት ሶዲየም አስወጥቶ ሁለት ፖታሲየም የሚያስገባው ፓምፕ ቮልቴጁን ወደ −70 ይመልሳል ብሎ መጻፍ በፈተና ወረቀት ላይ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። አይደለም። በአንድ ምልክት ጊዜ የሚያልፈው አዮን ካለው ክምችት አንጻር እጅግ ጥቂት ነው። ቮልቴጁን የሚመልሰው በቻናሉ የሚወጣው ፖታሲየም ነው። የፓምፑ ሥራ ክምችቱን በረጅም ጊዜ መጠበቅ ነው፤ ድንገት ቢቆም እንኳ ትልቅ አክሰን ለጊዜው ምልክት ማስተላለፉን ይቀጥላል።

ይህን ታሪክ በሒሳብ ያሳዩት አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ናቸው። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙ፣ በ1963 ከጆን ኤክልስ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። የሠሩበት አክሰን ስኩዊድ ከሚባል የባሕር እንስሳ የተገኘ ነው፤ ውፍረቱ እስከ 1 ሚሊሜትር ስለሚደርስ ውስጡ ሽቦ ማስገባት ይቻላል። ሂደቱን በእንቅስቃሴ ማየት የሚፈልግ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚሰጠውን ፌት የተባለ ሲሙሌሽን ይክፈት። ከስሌቱ በኋላ እንጂ ከስሌቱ በፊት ባይሆን እመርጣለሁ።

4. አንጎል በእጃችሁ ያዙ። የአናቶሚ ስሞች ከሥዕል ብቻ አይያዙም። በበዓል ሰሞን የበግ ጭንቅላት ማግኘት ቀላል ነው፤ ሥጋ ሻጩ የራስ ቅሉን ከላይ በጥንቃቄ እንዲከፍትላችሁ ለምኑት። ትኩስ አንጎል በጣም ለስላሳ ስለሆነ ቢላ አይዝም፤ ፍሪዘር ውስጥ ከፊል እስኪጠነክር አቆዩት። ጓንት አድርጉ። ከዚያ በረጅም ስለታም ቢላ መሐል ለመሐል በአንድ ጊዜ ክፈሉት። ሁለቱን ንፍቀ አንጎል የሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም ነጭ ቀስት ሆኖ ይታያል። ከኋላ ሴሬቤለም (ትንሹ አንጎል) ውስጥ ነጩ ክፍል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘረጋል። ከሥር የዓይን ነርቮች ይሻገራሉ። ከፊት ያሉት የማሽተት ጉብታዎች ከአንጎሉ ጋር ሲነጻጸሩ ከሰው ይበልጣሉ፤ ለምን እንደሆነ ስለ በግ የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል።

5. እያንዳንዱን የአንጎል ክፍል ከጉዳት ጋር አያይዙ። ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ስሩ፦ ምን ተጎዳ፣ ምን ጠፋ፣ ምን ቀረ። ሦስተኛው ዓምድ ነው የሚያስተምረው። ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ ታካሚ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ከሁለቱም ወገን ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ትልቁ ድርሻ ወጣለት፤ አዲስ ክስተት ማስታወስ ተሳነው። በመስታወት እያየ መሳል ግን በልምምድ ተሻሻለለት፣ መለማመዱን ሳያስታውስ። ማስታወስ አንድ ወጥ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ስላይድ አላውቅም።

6. ፍላሽካርድ ለስም ብቻ። አንኪ የተባለው የፍላሽካርድ መተግበሪያ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለ12ቱ የራስ ቅል ነርቮች ተጠቀሙበት። ሂደትን ግን ካርድ ላይ አታስፍሩ፣ ሳሉት።

7. ራሳችሁን በ«ቢሆንስ» ፈትኑ። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ የሶዲየም ቻናል ይዘጋል፤ ጥርስ ሐኪሙ ሲወጋችሁ ከግራፉ ላይ የሚጠፋው የትኛው ክፍል ነው? ከሴሉ ውጪ ያለው ፖታሲየም ከ5 ወደ 10 ቢያድግስ? ቁጥሩን ቀይራችሁ እንደገና አስሉ፦ −89 የነበረው ወደ −70 ይወጣል፣ ያረፈው ሴልም ተከትሎት ወደ ላይ ይሳባል። የደም ፖታሲየም ሲጨምር ሐኪሞች ስለ ልብ ለምን እንደሚጨነቁ ከዚህ ተነስታችሁ በአንድ አንቀጽ ለመጻፍ ሞክሩ።