እያስተማራችሁ የቅድመ መደበኛ ማስተርስ ለምትማሩ

ጎጃም ውስጥ በክረምት ወይም በቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም የምትማሩ መምህራን፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ መረጃ የምትሰበስቡት ጥቅምት ላይ ይሁን። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ስለሚደርስ በገጠር የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) ልጆች ይቀራሉ፤ ናሙናችሁ ይመናመናል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ነሐሴ ላይ አጸድቁ፤ የትብብር ደብዳቤውንም ከግቢ ሳትወጡ ያዙ፣ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ጥናቱን በቃል አስረድታችሁ ፈቃዳቸውን በጣት አሻራ ተቀበሉ።

ምልከታ ላይ ግን አትቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ዝም ብላችሁ ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ እንጂ ምንም አትመዝግቡ። ልጆች ደብተር የያዘ እንግዳ ሲያዩ ጨዋታውን ትተው ጸጥ ይላሉ፣ ወይም ከበዋችሁ ይቆማሉ፤ ያን የጻፈ ሰው የልጆቹን ሳይሆን የራሱን መምጣት ነው የመዘገበው። ደግሞ ለጥናታችሁ ከራሳችሁ ክፍል ይልቅ የሌላ ትምህርት ቤት ክፍል ይሻላል፤ ወላጅ የልጁን መምህር እምቢ ለማለት ይቸገራል።