እየዳነ የሚያገረሽ ገጣባ፦ ኮርቻውን እንዴት እንዳስተካከልኩት

ድኖ ኮርቻ ሲጫን የሚያገረሽ ገጣባ ቅባት ብቻውን አያድነውም። የእኔ ፈረስ ጫንቃው ላይ የነበረው የጠፋው ኮርቻው ሲስተካከል ነው።

ቁስሉ ደርቆ ፀጉር እስኪያበቅል ምንም አልተጫነበትም፤ በእጅ እየተሳበ ብቻ ተራመደ። ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ 9 ግራም ያህል ጨው፣ ማለትም ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ፣ እየተበጠበጠ በየቀኑ ታጠበ።

ከዳነ በኋላ ከአጭር ግልቢያ መልስ ላቡን አየሁ። ጀርባው ረጥቦ ጫንቃው አጠገብ መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ቀርታለች፤ ኮርቻው አጥብቆ የሚጫንበት ቦታ ላብ አያወጣም። ኮርቻው ሲገለበጥ የአንዱ ወገን ሙሌት ረግቶ ተጠፍጥፏል። በግራ እርካብ እየተንጠለጠሉ መውጣትም ወደ ጎን ይጎትተዋል።

ሙሌቱ ወጥቶ በተባዘተ የበግ ሱፍ ሁለቱም ወገን እኩል ተሞላ። አሁን ሰው ተቀምጦበትም በጫንቃውና በኮርቻው ቅስት መካከል ሁለት ጣት ይገባል። ከስር የሚነጠፈው ጨርቅ ወደ ቅስቱ ሽቅብ ይሳባል እንጂ አከርካሪው ላይ አይወጠርም። ብዙዎች ጨርቁን በቁስሉ ልክ ይበሱታል፤ አይረባም፣ የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ይልጣል። ለመውጣት ደግሞ ጉልበት የሚደርስ ድንጋይ ይበቃል።