ከላይ ያማረች፣ ውስጧ የበሰበሰ ጀልባ እንዴት ትታደሳለች?

ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙት ነበር። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ይከብዳል፤ ባለቤቱም ያውቀዋል። የፋይበርግላስ፣ ማለትም በመስታወት ክርና በሙጫ የተሠራች፣ ጀልባ ግን ገመናዋን ትደብቃለች። ላይዋ ያብረቀርቃል፣ ውስጧ ያለው እንጨት ግን ለዓመታት ሲበሰብስ ማንም አያይም።

ይህን የተማርኩት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ 17 ጫማ የምትረዝም የሞተር ጀልባ በ900 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ «ምንም የላትም» አለኝ። ምናልባት እሱም አያውቅም ነበር። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ፣ ትራንሰም የሚሉት፣ በስብሶ ነበር። ከወለሉ ሥር በቁመቷ የተዘረጉት ወራጆችም እንዲሁ። ሥራው ከፋሲካ እስከ መስቀል ቅዳሜና እሁዴን በሙሉ ወሰደ።

በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ትራንሰማቸው ፕላይውድ ነው። ሁለት ፕላይውድ ተጣብቆ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወፍሮ፣ በሁለት የፋይበርግላስ ሽፋን መሃል ይቀበራል። ፋይበርግላሱ አይበሰብስም። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ሰው መሰላል ወይም የዓሣ መፈለጊያ ለማሰር በስቶት፣ ቀዳዳውን በደንብ ሳይደፍን ሲቀር ነው። ውሃ በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ደግሞ እርጥበት ካላገኘ አይኖርም። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። ስለዚህ ጠላታችሁ የጀልባዋ ዕድሜ ሳይሆን ያ ቀዳዳ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ያዙ። እናቴ ገበያ ወርዳ እንስራ ስትመርጥ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ታዳምጥ ነበር። ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ጀልባም እንደዚያው ናት። ትራንሰሙን ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ በሞተሩ ብሎኖችና በታችኛው የውሃ ማስወጫ ዙሪያ ምቱት። ቀጥሎ ሞተሩን ወደ ላይ አንሱና የታችኛውን ጫፉን በክብደታችሁ ጫን በሉት። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ነገሩ አልቋል። ባለቤቱ ከፈቀደ ደግሞ ከውስጥ በኩል በ3 ሚሊ ሜትር ድሪል ብሱ። የሚወጣው ብናኝ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ እግዚአብሔርን አመስግናችሁ ቀዳዳውን በኢፖክሲ፣ ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ሙጫ፣ ድፈኑ። የእኔ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮና ረጥቦ ድሪሉ ላይ ተለጥፎ ወጣ።

«ቀጭን ኢፖክሲ ቀዳዳው ውስጥ አፍስስበት፣ ይጠነክራል» የሚላችሁ አይጠፋም። እባካችሁ አትስሙ። የራሰ እንጨት ኢፖክሲ አይመጥም። በዚህች ጀልባ ላይ ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ነው ወንዝ መሃል የምትገቡት። የበሰበሰው በሙሉ ይውጣ።

ከመቁረጣችሁ በፊት የጀልባዋን ሆድ በየቦታው እኩል ደግፉ። ወራጆቹ ሲወጡ ቅርጿን የሚይዝላት የለም። በተዛባችበት አዲስ እንጨት ከገባባት እንደተዛባች ትቀራለች። የሁሉንም ነገር ልክ ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ትራንሰሙን እኔ የከፈትኩት ከውስጥ በኩል ነው፤ የውጩ ቀለም እንዳይበላሽ። ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ትቼ የውስጡን ሽፋን በግራይንደር ቆረጥኩ። ታችኛው እንጨት በእጅ ተዛቀ፣ የላይኛው መሮ ፈለገ። ከወለሉ ሥር ያለው ፎም ውሃ ጠጥቶ ከሆነ እሱንም አውጡ። ግን በአዲስ መተካቱን እንዳትረሱ፤ ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንዳትሰምጥ የሚይዛት እሱ ነው።

የፋይበርግላስ ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም። ለአቧራም ለኬሚካል ትነትም የሚሆን ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንትና ሙሉ ቱታ ልበሱ። የሥራው ልብስ ለብቻው ይታጠብ።

ከዚያ ማድረቅ ነው። ሸራ ሸፍኜባት፣ ቬንትሌተር ከፍቼባት ሁለት ሳምንት ቆየች።

እኔ ከፖሊስተር ሙጫ ይልቅ ኢፖክሲ መረጥኩ። ውድ ነው፣ ግን አሮጌ ፋይበርግላስ ላይ በደንብ ይይዛል። ፖሊስተር የደረቀ ኢፖክሲ ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ፣ በኢፖክሲ ከጀመራችሁ በእሱው ጨርሱ። መጠኑን ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው ብቻ ቀላቅሉ። ማድረቂያውን መጨመር አያፋጥነውም፣ ያበላሸዋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሊትር ያህል በባልዲ በጠበጥኩ፤ ወዲያው ግሎ መጨስ ጀመረ። ትንሽ ትንሽ በጥብጡና ሰፋ ያለ ዝርግ ዕቃ ላይ ገልብጡት፤ ሙቀቱ ይወጣለታል።

ለአዲሱ ፕላይውድ መጀመሪያ በካርቶን ልኩን አውጡ። እንጨቱን ሁሉም ጎኑን ኢፖክሲ ቀቡ። ከዚያ ኢፖክሲውን በሲሊካ ዱቄት እንደ ገንፎ አወፍሩትና በጥርሳም የግንበኛ ማንኪያ ግድግዳው ላይ ቀብታችሁ እንጨቱን በሞርሳ አጥብቁ። በየጠርዙ ትንሽ ሲተርፍ ይበቃል። ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ማጣበቂያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣል። እንጨቱ ላይ በኢፖክሲ የሚደረበው የፋይበርግላስ ጨርቅ ሹል ማዕዘን ላይ አይተኛም፤ ማዕዘኖቹን በዚያው ገንፎ ሙሉና በማንኪያ ጀርባ ክብ አድርጓቸው። አሮጌው ሽፋን ጠርዙ በ12 እጥፍ ይሞረድ፦ 3 ሚሊ ሜትር ከወፈረ 36 ሚሊ ሜትር ያህል ተዳፋት ይኑረው። አንዱ የጨርቅ ድርብ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ቀጣዩን ከመደረባችሁ በፊት በውሃ እጠቡትና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። ላዩ ላይ የሚወጣው ሰም የመሰለ ነገር አያጣብቅም።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። የሞተሩ ብሎን 13 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከፈለገ እናንተ 20 ብሱ። በወፈረ ኢፖክሲ ሙሉት። ሲደርቅ መሃሉን በ13 ድጋሚ ብሱ። ብሎኑ እንጨቱን ሳይነካ ያልፋል፤ ማሸጊያው ቢለቅ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኢፖክሲ ነው። የመሰላሉም፣ የመብራቱም፣ የትንሿ ቪቴም ቀዳዳ እንዲሁ ይሠራ። አሰልቺ ነው፣ እኔን ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ማሸጊያችሁ ደግሞ ለጀልባ የተሠራው ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አይደለም።

ፖቶማክ ወንዝ ላይ መጀመሪያ ያወጣኋት ቀን አንድ ሰዓት ብቻ ቆይቼ ተመለስኩ። ብሎኖቹን አየሁ፣ ትራንሰሙን በመዶሻው ደግሜ መታሁት። ጮኸ። ከውሃ ስትወጣ አፍንጫዋን ከፍ አድርጋችሁ አቁሟት፣ የውሃ ማስወጫውን ውታፍ ፍቱት፣ ሳይመለስ ይደር። እኛ ቤት ያን ሥራ የያዘችው የ9 ዓመት ልጄ ናት፤ ፈትታ ኪሷ ትከተዋለች።